የባልየው ጉርሻ

ቤቷ ምሳ እየበላች ወድቃ፣ ሦስት ሳምንት ራሷን ስታ የከረመችው ሴት ስትነቃ ባሏን አላወቀችውም።

«ትዝታ የሚያስቀምጠው የአንጎሏ ክፍል ተጎድቷል፤ ያለፈውን አታስታውስም» አለችው ሐኪሟ።

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

ባልየው በረጅሙ ተንፍሶ ከቤት ያመጣውን ምሳ ዕቃ ከፈተ። ሴትየዋ ከነቃች ወዲህ ነርሶቹም፣ የማታውቃቸው አስታማሚዎችም ያጎረሷትን ሁሉ እየሳቀች ስትበላ ነበር የሰነበተችው። እሱ ጠቅልሎ ሲዘረጋላት ግን ጥርሷን ገጥማ መንቀጥቀጥ ጀመረች።

«ምን ሆንሽ የኔ እናት?» አለች ሐኪሟ።

«እኔ እንጃ።»

ሐኪሟ ዓይኗን ከባልየው እጅ ሳትነቅል፣ «ፍርሃት የሚያስቀምጠው ክፍል ከዚያኛው ጎን ነው ያለው፤ እሱ ምንም አልሆነም» አለች። «እስቲ እርስዎ ይጉረሱት።»

ባልየው ጉርሻውን ቀስ ብሎ ወደ ምሳ ዕቃው መለሰና ክዳኑን ገጠመ።