ለገነነ የወጣው ፎቶ

አስካለ ማርያም ፎቶውን ከፍ አድርጋ ለለቀስተኛው ስታሳይ የሟቹ የገነነ ባልንጀራ ዘሩ የሚገባበት ጠፋው። አልቃሿ በሁለት እጇ የያዘችው የገነነን ፎቶ አልነበረም። ሻሹን ግንባሩ ላይ ቋጥሮ፣ ደረቱን ገልጦ፣ ሰውን ሁሉ ቁልቁል የሚያየው አሜሪካዊው ራፐር ቱፓክ ነበር።

“ሻሹን ግንባሩ ላይ እንዲህ የቋጠረው፣
እናቱን ሳይሰማ ማን ነው የመከረው”

አለች፤ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም ድረስ የመጡት የገነነ አባት ዘመዶች እያነቡ ተቀበሏት። ገነነን ከክርስትናው ወዲህ አላዩትም። አንዷ አክስት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ “ገላውን ሁሉ ተነቅሶ የለም እንዴ? አየ ቆላ” ስትል ዘሩ ሰማ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጦ ለገነነ ይነግረውና ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። አሁን የሚነግረው ገነነ የለም።

ገነነ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ወባ ገደለው። እዚያው ቀበሩት፤ ፍኖተ ሰላም የደረሰው መርዶው ብቻ ነው። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ደግሞ የሟች ልብስና ፎቶ ይወጣል። ያ እናቱ “ጆንያ” የምትለው ሰፊ ሱሪው መሬት በተነጠፈው ጋቢ ላይ ተዘርግቷል። ፎቶ ግን አልነበረውም፤ የመታወቂያውን ጉርድ እንኳ ይዞት ሄዷል። ይሄኛው እሱና ዘሩ ቡሬ መናኸሪያ በር ላይ ገዝተው፣ ካርቶን ላይ ለጥፈው፣ ከገነነ አልጋ ራስጌ የሰቀሉት ነው።

ዘሩን አንገበገበው። ገነነ ተሰብስበው የሚያለቅሱለት ዛሬ ብቻ ነው፤ እሱንም በሰው መልክ ሊለቀስለት ነው።

ዘሩ ካሴት ከሚያከራይባት ኪዮስክ ጀርባ፣ የደከመ ባትሪ ፀሐይ ላይ እያሞቁ፣ ከራፐሮቹ ቱፓክ ይበልጣል፣ የለም ቢጊ ይበልጣል እያሉ ሲጨቃጨቁ ይውሉ ነበር። ከእንግሊዝኛው የሚገባቸው ጥቂት ነው፤ የቀረውን ገነነ በገዛ ራሱ ግጥም ይሞላዋል። ተገደለ ቢባልም ቱፓክ አልሞተም፣ ተደብቆ ነው ብሎም ይምል ነበር። “ሬሳውን ማን አየ?” ይላል። ዘሩ ይስቅበታል። መርዶው ከመጣ ወዲህ ግን እሱ ራሱ በዚያች ጥያቄ ተይዟል፤ በጎንደር በኩል የመጣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር የሚወርደውን መንገደኛ ሁሉ ፊት ፊቱን ያያል።

ሰዉን እየገፋ ሄዶ የገነነ እናት እማዋይሽ አጠገብ ተንበረከከ።

“እማማ፣ አይቆጡኝና ያ ፎቶ የገነነ አይደለም።”

“አውቃለሁ” አለች ቀና ሳትል። “እኔ ነኝ ከግድግዳው አውርጄ የሰጠኋቸው።”

ዘሩ ዞር ብሎ ከቋሪት የመጡትን ዘመዶች አየ።

“መልኩን አሳይን አሉኝ። ያን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው፣ ልጄ መልክ የለውም ልበላቸው? ባዶ ሱሪ ያልቅሱ?” ወደ ፎቶው በአገጯ አመለከተች። “ያም ቢሆን የሰው ልጅ ነው፤ አይከፋኝም። እኔን ግን እንባ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። ያን ፎቶ ባየሁት ቁጥር የኔው ይርቅብኛል። የዓይኑ አቀማመጥ እንኳ እየጠፋኝ ነው።”

“እማማ…”

“ባልንጀራው አይደለህ? ግባና በለው እንጅ።”

ባልንጀራ የሞተበት ሰው መሃል ገብቶ ሟቹን በግጥም ማንሳቱ ወግ ነው። ዘሩ ገባ። ትልልቆቹ ሰዎች ዱላቸውን ተደግፈው ጠበቁት። ስለ ጎበዝ አራሽ፣ ስለ ጠመንጃ የሚባለውን ያውቃል፤ ገነነ ግን አርሶም ተኩሶም አያውቅ። መተማ የወረደው ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ገዝቶ ድምፁን ለመቅዳት፣ ሚሊኒየሙንም በራሱ ካሴት ለመቀበል ነበር። ሳይቀዳ ቀረ። ያን ድምፅ ከዘሩ ጆሮ በቀር የያዘው ዕቃ የለም።

ተማሪ ሳሉ ትምህርት የሚዘጋበት ቀን ትዝ አለው። ገነነ መድረክ ላይ ወጥቶ ገና አፉን ሲከፍት መብራት ጠፋ። ቴፑ ቆመ፣ ማይኩ ሞተ፤ ተማሪው በጨለማ ያፏጭ ጀመር። ገነነ መች ወርዶ! በመዳፉ ደረቱን እየመታ ምቱን ራሱ ጀመረና እዚያው የመጣለትን ገጠመ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ አዳመጠው።

ዘሩ መዳፉን ደረቱ ላይ አሳረፈ። አንዴ መታ፤ ደግሞ መታ።

“ገነነ ነኝ እኔ፣ የእማዋይሽ ልጅ፣
መልኬ ቢጠፋችሁ ድምፄን ያዙልኝ እንጅ”

ከአፉ የወጣው ድምፅ የራሱ አልነበረም። ሻከር ያለ፣ ስንኙ መጨረሻ ላይ ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው የሚቸኩል፣ የገነነ ድምፅ ነው። አስካለ ማርያም ሙሾ ልታወጣ የከፈተችውን አፏን ከደነች፤ ፎቶውንም ቀስ ብላ ዝቅ አደረገችው። ዘሩ ደገመው።

እማዋይሽ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ቀና አደረገች።

“ወዬ” አለች፣ ከጓዳ ሆና እንደምትመልስለት። እንባዋ በጉንጯ ወረደ። “ወዬ፣ ልጄ።”

ዘሩ እጁን ካቆመ ድምፁ ጥሎት የሚሄድ መሰለውና ደረቱን መምታቱን ቀጠለ።