የሚርቀው ጋዝ

ልጅቷ ወደ ውጭ አገር የምትሄድበት በረራ ሊነሳ ሦስት ሰዓት ቀርቶታል። እናቷ ሻንጣውን ቢሮዋ ድረስ ጎትታ አመጣችላት። ልጅቷ ኮምፒውተሩን ልትዘጋ ስትል እናትየው ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል እያየች እጇን ያዘቻት። "ይሄ ቀይ ጭስ ምንድነው?"

"የዚች ጋላክሲ ጋዝ ነው፣ እማዬ። ኮከብ የምትወልደው ከሱ ነው። ብዙ ኮከብ ባንዴ ስትወልድ ግን ልጆቿ ጋዙን ገፍተው ያስወጡባታል።"

"የገዛ ልጆቿ? ወላድ በድባብ ትሂድ አሉ" ብላ እናትየው ሳቀች። "ታዲያ ተመልሶ ይመጣል?"

ልጅቷ ጠዋት የለካችውን የጋዙን ፍጥነት አየች። ከጋላክሲዋ ስበት ለማምለጥ ከበቂ በላይ ነበር።

"ይመጣል" አለች።

እናትየው የልጇን ጣቶች በሻንጣው እጀታ ላይ አንድ በአንድ አጠፈቻቸው። "አምስቱም ወንድሞችሽ እንደዚሁ ብለውኝ ነው የሄዱት" አለች።