ለዓርብ የሚደርስ መኪና

ሾፌሩ ከመሥሪያ ቤቱ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ ሰኞ ጠዋት አሮጌው መኪና ሥር ገባ።

መኪናው የአባቱ ነበር። በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ዳገት የማይፈራ፣ አሁን ግን ትራንስፈሩ የሞተበት። ትራንስፈሩ የሞተሩን ጉልበት ከካምቢዮው ተቀብሎ ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍል የብረት ሣጥን ነው። እሱ ካልሠራ ወንዙን መሻገር አይቻልም። ድልድዩን ጎርፍ ከወሰደው ወዲህ ደግሞ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ወንዙን በመኪና ከማቋረጥ ሌላ መንገድ የለም። ሆስፒታሉ የዓይን ሐኪም የሚያገኘው በዓመት ለአንድ ሳምንት ብቻ ነው። የዘንድሮው ሳምንት ዓርብ ያልቃል።

እናቱ ዓይኗ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

«ዓርብ ጠዋት እዚያ እንገኛለን፣ እማዬ» አላት፣ ከመኪናው ሥር ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ።

«ምን አደከመህ ልጄ» አለች፣ ጥላው ሥር ከተቀመጠችበት ወንበር። «እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

መፍቻ የምታቀብለው ሚስቱ ነበረች። ከመጋባታቸው በፊት አራት ዓመት መለዋወጫ ሱቅ ስለሠራች፣ ቁጥሩን ሳይጠራላት እጁ ላይ ታኖርለታለች። እስከ ምሳ ዘይቱን አፈሰሱ፣ የፊትና የኋላ ዘንጎቹን ፈቱ፣ አሮጌውን ሣጥን በክሪክ ደግፈው አወረዱት። አንድ ብሎን አመለጣቸውና እየተንከባለለ ወደ እናትየው ወንበር ሄደ። እግሯን ሰብስባ አሳለፈችው፤ ሚስትየው ሮጣ ያዘችው።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ አዲስ የገዛው የዘይት ማገጃ ጎማ በምላጭ ተተልትሎ ተገኘ።

«ሻጩ ነዋ» አለች ሚስቱ። «የተበላሸ ዕቃ ሸጦልህ ነው።»

«ጠዋት አገላብጬ አይቼዋለሁ።»

ሌላ ፍለጋ ግማሽ ቀን ሄደበት።

ረቡዕ ሣጥኑን የሚያስሩት ስድስቱ ብሎኖች ጠፉ። ግቢውን አሰሱ፣ ሣሩን በእጃቸው ዳበሱ፣ የሉም። መጨረሻ ላይ ያገኛቸው ሾፌሩ ራሱ ነው፤ ሚስቱ ልብስ ከምታጥብበት ሳፋ ሥር፣ በጨርቅ ተጠቅልለው።

ሚስቱ ሳቀች። የምትለው ሲጠፋት ትስቃለች። «እኔ እዚያ ምን ላድርግ ብዬ አኖራቸዋለሁ?»

እሱ አልሳቀም።

የዚያን ዕለት ለእናቱ ዳቦና ሻይ ይዞላት ወጣ። እናትየው እጁን ያዝ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ባልናገር ይሻለኝ ነበር። አንተ በቀትር ጋደም ስትል መኪናው አጠገብ ኮቴ ሰማሁ። ያንተ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

«ምን ዓይነት ኮቴ?»

«የሚጎተት፣ እንደ ነጠላ ጫማ። ተወው፣ ጆሮዬ ነው። ሁለት ዓመት ገላዬን ያጠበችኝን ልጅ መጠርጠር ነውር ነው።»

«ምን አግኝታ ነው እንዲህ የምታደርገው?»

እናትየው ዳቦውን ቆረሰች። «ያየ ሰው ይጠይቃል፣ ልጄ። ዓይኔ ከበራ ምን እንደምታበላኝ አያለሁ፤ ቤትህን እንዴት እንደያዘችው አያለሁ። ለአንዳንዷ ምራት ዕውር አማት ጸጋ ናት።»

ሐሙስ ገዝቶ ያቆየው አዲስ ሣጥን ቦታው ገባ። ሾፌሩ በጀርባው ተኝቶ በደረቱ ደገፈው፣ ሚስቱ ክሪኩን በስሱ እያነሳች አስተካከለችለት፤ ጣቶቹ እስኪደሙ ብሎኖቹን አጠበቀ። ሚስቱ ደሙን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችለት። ሊያመሰግናት ፈልጎ ተወው። ዘይት ሞልቶ ሞተሩን አስነሳና ማርሽ አስገባ።

ሣጥኑ እንደ ወፍጮ ጮኸ።

አጥፍቶ ከሥር ዘይቱን ፈታው። ዘይቱ ደቃቅ አሸዋ ይዞ ወረደ። ጥርሶቹ ተበልተዋል። ሌላ ሣጥን ቢገኝ እንኳ ለነገ አይደርስም።

ሾፌሩ እጁን ሳይታጠብ መኝታ ቤት ገባ። ከሚስቱ ልብሶች መሀል፣ አሸዋ የቀረበት የወተት ቆርቆሮ ይዞ ወጣ።

«እኔ አይደለሁም» አለች።

«እዚህ ግቢ ሦስት ሰዎች ነን። አንዱ እኔ ነኝ። አንዷ አታይም። እስቲ ቁጠሪ።»

«በእናትህ ሞት ይዤሃለሁ፣ ስማኝ…»

«የእናቴን ስም እንዳትጠሪ!» ቆርቆሮውን እግሯ ሥር ወረወረው። «ስመለስ እንዳላገኝሽ።»

በሩን ወርውሮት ወጣ።

ሚስትየው ሻንጣዋን አዘጋጀች። ከዚያ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ብዙ ጊዜ ወስዳ ጻፈች። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ አማቷ ወደ ተቀመጠችበት መጣችና ተንበርክካ እጇ ላይ አኖረችላት።

«እማማ፣ ይህን ንዴቱ ሲበርድለት ይስጡልኝ። ጠረጴዛ ላይ ብተወው ሳያየው ነው የሚቀደው። ከእርስዎ እጅ ግን እምቢ አይልም።»

«ምንድን ነው፣ የኔ ልጅ?» እናትየው ወረቀቱን በጣቶቿ ዳበሰችው።

«ደብዳቤ ነው። ከእሱ በቀር ማንም እንዲያየው አልፈልግም።»

«አደራሽን እወጣለሁ። እግዜር ይከተልሽ።»

ሚስትየው ጉንጯን ሳመቻት። «ራትዎን ሠርቼ ከድኜዋለሁ፤ ከመብላትዎ በፊት ትንሽ ይሙቅ» አለች፤ ሻንጣዋንም አንስታ ሄደች።

እናትየው የግቢው በር እስኪዘጋ ጠበቀች፤ ደብዳቤውን ዘርግታ «ነፍሰ ጡር ነኝ፤ እስከ እሑድ እህቴ ቤት እጠብቅሃለሁ» እስከሚለው ድረስ በጸጥታ አነበበችውና ምድጃው ውስጥ ከተተችው።