ከጥጉ በኩል

«እሺ፣ ዛሬስ ምን ሰማህ?» ትላለች ይታይሽ ዓይኗን እንደጨፈነች። «የማን ውሻ ጮኸልህ?»

ባሏ ደምሴም ዓይኑን ጨፍኗል። ሰሌኑ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የደብረ ብርሃን ውርጭ በበሩ ሥር ይገባል። እዚያው በሩ ሥር ልብሷ ተቋጥሯል። የአንኮበሩ ሚኒባስ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል። እናቷ ዘንድ ልትሄድ ነው፤ የምትመለስ አይመስላትም።

ተቀመጡ ያለቻቸው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር አመተ ማርያም ናት። «ጧት ጧት አብራችሁ ተቀመጡ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በቀስታ ተንፍሱ። ጆሯችሁ የገባውን ብቻ ተራ በተራ ተናገሩ፤ ሌላ ነገር አታንሡ።» ይታይሽ ለሰባት ቀን እሺ አለች። ዛሬ ሰባተኛው ነው።

ስድስቱን ቀን ደምሴ ባጃጅ ሰማ፣ የፋብሪካውን ጡሩምባ ሰማ፣ ዶሮ ሰማ። ልጁን የቀበረ ሰው ዶሮ ይሰማል! እሷም እልህ ይዟት «ነፋስ» እያለች አለፈች።

ሲያለቅስ አላየችውም። ለቅሶው ላይ እሱ ከወንዶቹ ጋር ድንኳን፣ እሷ ከሴቶቹ ጋር ቤት ነበሩ። በሰልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ የአምስት ዓመቷ ልጃቸው የፍቅርተ አልጋ ከጥጉ የለም። ወንዶቹ «እናት እያየች አትቃጠል» ብለው መክረው ለነዳያን ሰጥተውታል። ከነአንሶላው። ከነጠረኗ። እሱም እሺ ብሎ በአንድ በኩል ተሸክሟል።

«ተናገር እንጂ፣ አቶ ደምሴ! ጆሮህም እንደ አንጀትህ ደነደነ?»

ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ትስላለች» ይላል።

«ማን?»

«ፍቅርተ። ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት። አልጋው ከሄደ ይተወኛል ብዬ ነበር።»

«እንዴት አድርጋ ነው የምትስለው?»

«ሁለቴ አጭር አጭር ሳል። ከዚያ አንዴ ረጅም።»

ልክ ነው። እሷም በየጧቱ የምትሰማው ይህንኑ ነው፤ አበደች እንዳትባል ለማንም አልተናገረችም።

«ውሸታም! ስድስት ቀን ሙሉ ዶሮ አልከኝ!»

«አንቺስ ነፋስ አላልሽኝም?»

ልትሰድበው ዓይኗን ትገልጣለች። የደምሴ ዓይን እንደተጨፈነ ነው። ፊቱ ግን ወደ እሷ አይደለም፤ አንገቱን አስግጎ ወደ ባዶው ጥግ ያዳምጣል። እንባው ከአገጩ ይንጠባጠባል።

ውጪ የሚኒባሱ ረዳት ይጣራል። «አንኮበር! የሞላ፣ አንኮበር!»

«ዝም በል አንተ!» ትላለች ይታይሽ በበሩ በኩል፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ። «ልጅቷን እንስማበት!»

ዓይኗን ጨፍና፣ ፊቷን ወደ ጥጉ ትመልሳለች።