የነጠላው ጫፍ

«አብራኝ በልታ ጠጥታ ቀለበቴን ሰረቀችኝ!» ስትል ሸፊቃ አራዳ ገበያ መሃል ጮኸች። ያኔ፣ ልጆቼ፣ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ነበር። ሸፊቃ ለመክሰስ ስትቸኩል እጇ የገባውን የነጠላዋን ጫፍ ቀድማ ዘረጋች፤ አንድ መንገደኛ ሽማግሌም ከተከሳሿ ከፈታይዋ ከዘይቱና ነጠላ ጋር ቋጠሩት።

ከጊዮርጊስ በታች ያለውን ዳገት ሲወጡ ዘይቱና ከኋላ ቀርታ ተጎተተች። የምትጎትታት እንደ እህት ያየቻት ሴት ናት! ሌባ ከተባለች ከእንግዲህ ፈትሏን ማን ይገዛታል? ሆዷ ግን «አትጩኺ፣ ዝም ብለሽ ሂጂ» አላት። እሷም «ቢስሚላህ» ብላ ትንፋሿን ሰበሰበችና ቋጠሮውን እንደ መቁጠሪያ በጣቶቿ ታሻሽ ጀመር። ከሥሩ፣ በሸፊቃ ነጠላ ጫፍ ላይ፣ ሌላ ትንሽ ቋጠሮ አገኘች። ውስጡ ያለው ነገር ጠንካራና ክብ ነው፤ ፈርጡ የወለቀበት ቦታም ጎድጎድ ይላል። በሸፊቃ ጣት ላይ ሁሌ የምታየው ቀለበት ነበር።

ቀና ብላ አየቻት። የሸፊቃ ፊት አመድ መሰለ፤ እጇ ጫፉን ሊሸፍን ተወረወረ። ረስታው ሳይሆን አውቃ እንደደበቀችው ዘይቱና ያኔ ገባት። ይኼ ከክሱ ይልቅ አንጀቷን ቆረጠው።

«ዘይቱዬ፣ በአላህ ይዤሻለሁ» አለች ሸፊቃ በሹክሹክታ፤ «እዚሁ ቋጠሮውን ፈትተን እንታረቅ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ዘይቱና፤ አላህ ጣቶቿን ወደ ቀለበቱ ስለመራላት ነበር። «የለም እህቴ፤ ሽማግሌ የቋጠሩትን ዳኛ ይፍታው።»

ከዚያ ወዲያ ዳገቱን የምትጎትተው እሷ ሆነች።