የጣራው ፍተሻ

ባሏ የቆርቆሮ ጣራቸውን አስነስቶ፣ በሁለት ቆርቆሮ መሃል ወፍራም ፎም ያለበትን አዲሱን ፓነል ሲያስገጥም ጎረቤቱ ሁሉ «ታድለሽ» አላት። የዝናቡ ድምፅ እንቅልፍ ነሳት ብሎ ነበር ለሰው የተናገረው።

በአምስተኛው ቀን ፎርማኑ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ ወረደ። በግድግዳውና በጣራው መሃል የነበረውን ክፍተት ሁሉ ደፍኖታል። ቤት ሲያስረክብ ሳይፈትሽ አይሄድም፤ ልማዱ ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ ከውስጥ በሩን ዘግተው ባለ በሌለ ኃይልዎ ይጩኹ። እኛ አጥሩ ጋ ሆነን እናዳምጣለን» አላት።

በሩን ዘጋች። መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ ጎረቤቷ እማማ አሰገደችም ከባሏ ጋር አጥሩ ጋ እንደቆሙ ትዝ አላት። ድምፅዋን በድሮው ቆርቆሮ በኩል ሰምተው፣ በሩን በምርኩዛቸው እየደበደቡ ሦስት ጊዜ ከባሏ ዱላ ያተረፏት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ድረሱልኝ! ሊገድለኝ ነው!»

ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ደጋግማ ጮኸች። ከዚያ ቆማ ጠበቀች።

በሩ ተከፈተ። ፎርማኑ ፊቱ በርቷል።

«እውነት ጮኸዋል? እኛ እኮ ትንፋሽም አልሰማን።»

እማማ አሰገደች ከኋላው ገብተው ጣራውን ቀና ብለው አዩና ወደ ባሏ ዞሩ። «ተባረክ ልጄ፤ አሁን ገና እንቅልፍ ታገኛለች» አሉት።

ባሏ ዓይኗን ትክ ብሎ አየ።

«ምን ብለሽ ነው የጮኽሽው?»

«አንተን ነው የጠራሁት» አለች።