ዳገቱ ላይ የጠፋው ድምፅ

የሞተሩ ድምፅ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ ይላል።

የፋብሪካው ሰው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ ወደ ጭጋጉ አንጋጧል። ሠራተኛው ፊርማን ከነሞተር ብስክሌቱ እዚያ ውስጥ ከገባ ጀምሮ የሚታይ ነገር የለም፤ ሲከታተሉት የቆዩት በጆሯቸው ነው። አሁን ድምፁም ቀረ። ከቱሉዝ ከተማ የመጣው ነጋዴ ፒፓውን ከአፉ ያወጣል። የፋብሪካው ባለቤት ሙሴ ዴልብሬይ ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን ያያል።

የፊርማን ሚስት ኖኤሚ ግን ቀሚሷን ሰብስባ ሽቅብ መሮጥ ትጀምራለች።

በጦርነቱ ጊዜ እዚህ ፋብሪካ የሚሠራው ፕሮፔለር፣ አውሮፕላን አፍንጫ ላይ የሚሽከረከረው የእንጨት ክንፍ፣ ነበር። ወንዶቹ እንጨቱን በማጣበቂያ እየደራረቡ ይጠርባሉ፤ ኖኤሚና ሌሎቹ ሴቶች አለስልሰው ቫርኒሽ ይቀባሉ። ሰላም ሲወርድ አገሩ ሁሉ በየአደባባዩ ጨፈረ፤ ፋብሪካው ግን ሥራ አጣ። የሰማዩ ገበያ ሲዘጋበት ሙሴ ዴልብሬይ ወደ ምድር ወረደ፤ እንጨት ጠራቢዎቹን ብረት አስጨብጦ ሞተር ብስክሌት ያሠራቸው ጀመር። ዛሬ የሚሞከረው የመጀመሪያው ነው። ኮረብታው አናት ላይ እስካለችው ቤተ ክርስቲያን ድረስ ማንም ሳይገፋው ከወጣ፣ ነጋዴው የሚሠሩትን ሁሉ ሊረከብ ቃል ገብቷል። ካልወጣ ሙሴ ዴልብሬይ በሩን ከመዝጋት ሌላ ምን ምርጫ አለው? ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

ኖኤሚ አሁን ስለ ፋብሪካው አታስብም። የምታስበው ወንድሟን ነው። ኤሎዋ አብራሪ ነበር። የወደቀ ዕለት እሷ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ቆማ ነበር፤ አውሮፕላኑ ከደመና በላይ ስለነበር አላየችውም። መጀመሪያ የሰማችው ዝምታውን ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለማንም ተናግራ አታውቅም፣ ለፊርማንም ቢሆን። ዛሬ ጠዋት ሲወጣ፣ ይሄ ሞተር እንደሆነ ከመሬት አይነሳ፣ ምን ያስፈራሻል እያለ ሲቀልድባት፣ ኮሌታውን አስተካከለችለት።

መንገዱ በጤዛ ርሷል። በስተግራ ገደል ነው። አንድ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፤ ዞር ብላም አታየው። ስሙን ልትጣራ ትከጅልና ትተወዋለች። መልስ ባይኖርስ?

መታጠፊያው ላይ ስትደርስ እግሯ ቀጥ ይላል።

ፊርማን መንገድ ዳር ቆሟል። በሁለት እግሩ። ቆቡን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ሞተሩን ዳሌው ላይ አስደግፎ፣ አንገቱን ደፍቷል። ከጎን ካለው የገጠር መንገድ የወጡ ቀባሪዎች ከፊቱ ቀስ እያሉ ያልፋሉ፤ ቄሱ ከፊት፣ ሣጥን የተሸከሙ ገበሬዎች፣ ከኋላ ጥቁር የለበሱ ሴቶች። የሞተው የላይኛው መንደር ደወል ደዋይ ሽማግሌው አንሴልም ነው። ታች ያለው ሰው መርዶውን ያልሰማውም ለዚህ ነው፤ ለሌላው ሁሉ ሲደውል የኖረው እሱ ነበርና ለእሱ የሚደውልለት አልተገኘም።

ኖኤሚ የባሏን ክንድ ትይዛለች፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ፊቱን። እሱ ግራ ይገባዋል።

"ምን ሆነሻል? ጫማሽስ?" ይላል በሹክሹክታ።

"ለምንድን ነው ያጠፋኸው?"

"ሬሳ እያለፈ እኮ ነው። እያስጓራሁበት ልለፍ?"

በጥፊ ልትለው ይቃጣታል። ልታቅፈውም። ሰው ፊት ነውና ሁለቱም ይቀራሉ። ቆማ ትንፋሿን ብቻ ትሰበስባለች።

እሱን የጨነቀው ሌላ ነው። ዳገት ላይ የቆመ ሞተር ይነሳ አይነሳ ማንም ሞክሮት አያውቅም። ለቀስተኛው እስኪርቅ እንዳይጠብቅ ነጋዴው ታች ሆኖ ጆሮውን አቁሟል። ይህን በጆሮዋ እየነገራት ሳለ የሟች ሚስት ማዳም ካዛል አጠገባቸው ስትደርስ ትቆማለች። ትንሽ፣ ጎበጥ ያለች አሮጊት ናት። ብረቱን ከላይ እስከ ታች ታየውና ምን እየጠበቁ እንደሆነ ትጠይቃለች። ፊርማን እያፈረ ያስረዳታል።

"ታዲያ አስነሳው እንጂ ልጄ።"

"ድምፁ ኃይለኛ ነው ማዳም። እንዴት ብዬ እርስዎ ፊት?"

"የኔ ሰውዬ እንደሆነ ደወሉ ካደነቆረው ቆይቷል። ስጮህበት ነው የኖርኩት።" ወደ ሣጥኑ ታያለች። "አስነሳው። ምናልባት አንድ ነገር ሰምቶ ቢሄድ።"

ቄሱ ፊቱን ወደ ዛፎቹ አዙሮ ይስላል። ተሸካሚዎቹ፣ ዕረፍትም ሳያምራቸው አልቀረም፣ ሣጥኑን መሬት ያስቀምጣሉ።

ኖኤሚ ድንጋይ ፈልጋ ከኋላ ጎማው ሥር ትሸጉጣለች። ፊርማን ማስነሻውን ይረግጣል። ምንም የለም። ደግሞ ይረግጣል፤ ሞተሩ እንደ በሽተኛ አስሎ ይተወዋል። ከሴቶቹ አንዷ ታማትባለች። ፊርማን ላቡን በእጅጌው ይጠርግና ሙሉ ሰውነቱን ጥሎ ይረግጠዋል፤ ያን ጊዜ ብረቱ መንገዱ እስኪንቀጠቀጥ ያጓራል። ዘሎ ይቀመጣል። ሣጥኑን በሩቁ ዞሮ፣ ቆቡን እንዳወለቀ፣ ጭጋጉ ውስጥ ይገባል። ድምፁ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይቀጥናል፤ ከዚያ አናቱ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኗ አጠገብ፣ ሲሽከረከር ይሰማል። ከታች ከፋብሪካው በር ጭብጨባና ፉጨት ይመጣል።

ተሸካሚዎቹ ሣጥኑን ያነሳሉ። ኖኤሚም ባሏ ወዳለበት ከለቀስተኞቹ ጋር መራመድ ትጀምራለች። ያኔ ነው ሳቁ የሚመጣባት። ከሆዷ ይነሳል፣ ከንፈሯን ብትነክስም አይመለስም። መሐረቧን አውጥታ ፊቷን ትሸፍናለች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል፣ እንባዋም ይወርዳል።

ማዳም ካዛል ክንዷን ትይዛታለች።

"አይዞሽ ልጄ" ትላታለች፤ "ብዙ አልተሰቃየም።"

ኖኤሚ መሐረቡን ሳታወርድ ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች፤ ሁለቱ ሴቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከሣጥኑ ኋላ ቀስ እያሉ ይወጣሉ።